ከኪሴ የፈታሁት ቀይ ጨርቅ

ለንስሐ አባቴ ያልነገርኳቸው ኃጢአት የለም እያልኩ ለሰው አወራለሁ። ውሸት ነው። ሐሜቱን ነግሬያቸዋለሁ፣ የሻርኩትን ጾም ነግሬያቸዋለሁ፣ ከወንድሜ ሚስት ጋር ስንት ዓመት እንደተኳረፍን ነግሬያቸዋለሁ። እሳቸውም ስግደት እየሰጡ ሸኝተውኛል። ይህን አንዱን ግን ለእሳቸውም፣ ለሞተው ባሌም፣ ለማንም እስከ ትናንት ድረስ ተናግሬው አላውቅም ነበር። ከንፈሬ ላይ የደረሰበት ቀን ነበር፤ መልሼ ዋጥኩት። እንግዲህ ከአንድ ሰው በቀር የመጀመሪያዎቹ ሰሚዎች እናንተ የምታነቡት ናችሁ። እንድታዝኑልኝ አልጻፍኩትም። ሐዘኔታ አልወድም፤ ሲሰጠኝም አልቀበልም።

ጡረታ የወጣሁ የሠራዊት ነርስ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ብቻዬን እኖራለሁ፤ የሰፈሩ ሰው ሲስተር ብርቄ ይለኛል። ከሠላሳ ዓመት በፊት በነበረው በሰሜኑ ጦርነት ዘመን ከግንባር የሚነሱ ጽኑ ሕሙማንን በጦር አውሮፕላን ወደ መሐል አገር ሆስፒታል ከሚያመላልሱት ነርሶች አንዷ ነበርኩ። ይህን የሰፈሩ ሰው ያውቃል። በእድር ስብሰባ ላይ ጀግናችን ይሉኛል። ባሉኝ ቁጥር ደረቴን አንድ ነገር ይቆነጥጠኛል፤ እጄም ሳላዘው ወደ ደረት ኪሴ ይሄዳል። ለምን እንደሆነ አሁን ትሰማላችሁ።

የመጻፌ ምክንያት አንዲት ልጅ ናት። ማስተዋል ትባላለች። እዚሁ ከተማ ነርሶችን ታስተምራለች፤ ለትምህርቷም ጥናት እየሠራች ነው። ጥናቷ ጽኑ ሕሙማን በጦር አውሮፕላን ሲጓጓዙ ነርሶች እንዴት ይንከባከቧቸው እንደነበር ነው። ያነበበችው መጽሐፍ ሁሉ የውጭ አገር ሰው የጻፈው እንደሆነ፣ የእኛን ነርሶች ግን ማንም ጠይቆ እንደማያውቅ ነገረችኝ። እውነቷን ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ማንም አልጠየቀኝም።

«ሲስተር፣ ስልኬን እዚህ ላስቀምጠው? ድምፅዎን ይቀዳልኛል» አለች።

«ድምፄ አርጅቷል፤ ምን ይሠራልሻል?»

«ኧረ ለእኔ ወርቅ ነው!»

አፏ ማር የሆነ ልጅ አልወድም። ግን ተቀመጥኩና ነገርኳት። ማን ይጥላል ወርቅ ነሽ ሲባል?

አውሮፕላኑ ዕቃ ለመጫን እንጂ ሰው ለማስተኛት የተሠራ እንዳልነበረ ነገርኳት። ቃሬዛዎቹን እንደ መደርደሪያ አንዱን በአንዱ ላይ እናንጠለጥላለን። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ አጠገብሽ ያለ ሰው ቢጮህ አትሰሚም። የልብ ማዳመጫው ጆሮሽ ላይ ተሰክቶ እያለ የሕመምተኛው ልብ ይምታ አይምታ አታውቂም። ስለዚህ የምናዳምጠው በጣታችን ነበር፤ የደም ግፊቱን በጣት፣ ትንፋሹን ደረቱ ላይ ባስቀመጥነው መዳፍ። እርስ በርስ የምንነጋገረው በእጅ ምልክት ነው። ብርዱ የጉሉኮሱን ጠብታ ያዘገየዋል። ከፍ ሲባል ደግሞ በሰው ሰውነት ውስጥ የታሰረ አየር ሁሉ እንደ ፊኛ ይነፋል። ይህን ከመጽሐፍ አልተማርነውም፤ ከሞቱብን ሰዎች ነው የተማርነው። ልጅቷ እስክሪብቶዋን ጥላ አፏን ከፍታ ትሰማኝ ነበር።

ከዚያ ስለ ቀዩ ጨርቅ ነገርኳት። እዚያ ላይ ዝም ብል ኖሮ!

ደረቱ የቆሰለ ሰው በጎድኑ መካከል ቱቦ ይገባለታል። የቱቦው ጫፍ ውሃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይነከራል፤ ደረቱ ውስጥ የተጠራቀመው አየር በዚያ ይወጣል። ቃሬዛው ሲነሣና ሲጫን ጠርሙሱ ከሰውየው በላይ ከሆነ ውሃው ወደ ደረቱ ይመለሳል። ስለዚህ እስኪጫን ድረስ ቱቦውን በመቆንጠጫ እንዘጋዋለን። ቦታውን ከያዘ በኋላ ግን፣ አውሮፕላኑ ሳይነሣ፣ መቆንጠጫው መከፈት አለበት። ካልተከፈተ አየሩ መውጫ ያጣል፤ ከፍ ባልን ቁጥር እየተነፋ ሳንባውን ይጨፈልቀዋል፣ ልቡን ይገፋዋል። ሰውየው ዓይናችን እያየ ይታፈናል።

ለዚህ ሕግ ነበረን። መቆንጠጫ የዘጋች ነርስ ከሳጥኑ አንዲት የቀይ ጨርቅ ቁራጭ ታነሣና በደረት ኪሷ የቁልፍ ቀዳዳ ታስራለች። ስትከፍተው ጨርቋን ትፈታለች። አንድ ጨርቅ፣ አንድ የተዘጋ ቱቦ። የዘጋችው ራሷ ትከፍታለች። በዚያ ጩኸት «ከፍተሻል?» ተባብሎ መጠያየቅ የለም፤ የነርሶቹን ደረት ታያለሽ፣ ቀይ ከሌለ የተዘጋ ቱቦ የለም ማለት ነው።

«እንዴት ያለ ብልሃት ነው! ማን አመጣው ሲስተር?» አለች ማስተዋል።

«እኔ» አልኳት።

እንዲህ ነው የወጣው፤ አንድ ቃል። እኔ አይደለሁም። እኔ የሰው ብልሃት ሳይ የምበሳጭ እንጂ ብልሃት የማመጣ ሰው ሆኜ አላውቅም። ሕጉን ያወጣችው የውብዳር የምትባል ነርስ ናት። ቀዩንም ጨርቅ ከራሷ የአንገት ልብስ የቀደደችው እሷ ናት።

ልጅቷ ግን አላቆመችም። ሕጉ ከሽፎ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። በዚያን ጊዜም አላውቅም ማለት እችል ነበር። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አንድ ቀን ቱቦ ዘግታ እንደረሳች፣ ጨርቁ ጃኬቷ ላይ እንደታሰረ እንደተገኘ፣ አንድ አሥር አለቃም እንደሞተ ነገርኳት። ነርሷን ማግኘት ትችል እንደሆነ ስትጠይቀኝ «ሞታለች፣ ነፍስ ይማር» አልኩ። ሞታለች ያልኳት የውብዳርን ነው። የውብዳር ሮብ ገበያ በምትባለው ከተማ ናት፤ ጠዋት ሚኒባስ የያዘ ሰው ፀሐይ ሳይሞቀው ይደርስባታል። እኔ ግን በተቀመጥኩበት ቀበርኳት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ማስተዋል የተናገርኩትን በኮምፒውተር አስጽፋ መጣች። የጥናት ወግ ነው አለች፤ የተናገረው ሰው አንብቦ ልክ ነው ብሎ ካልፈረመ አትጠቀምበትም። እኔ «ተሳታፊ አንድ» ተብያለሁ። በመጨረሻው ገጽ ላይ የፊርማ ቦታ አለ፤ ከእሱ በላይ «እርማት ካለ» ይላል፤ ሦስት ባዶ መስመሮች ተሰምረዋል።

«ሲስተር፣ ከነገሩኝ ሁሉ የሚያስተምረው የዚያች የረሳችው ነርስ ታሪክ ነው። ከአሁን ወዲህ ተማሪዎቼን የማስተምረው በእሷ ነው። ደክሟት ነበር፣ ታማ ነበር ብለውኛል አይደል? ድካም ሰው እንደሚገድል በዚህ አሳያቸዋለሁ» አለችኝ።

ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ትታልኝ ሄደች። አልፈረምኩም። ስንት ቀን ሆነ? በአጠገቡ ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ። አንዴ የወንበር መሸፈኛ ጣልኩበት። አንዴ ተነሥቼ እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ፤ ስሜን ልጽፍ ብዬ «የውብ» ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት። ደህና እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ስነቃ ነው ጣጣው። ድስት ጥጄ እረሳለሁ፤ ወደ ገበያ እወጣና ምን ልገዛ እንደመጣሁ ሳላውቅ እመለሳለሁ።

ድካም ሰው ይገድላል ትላለች ልጅቷ። ሰውየውን ድካም አልገደለውም። ምን እንደገደለው የማውቅ እስከ ትናንት ድረስ እኔ ብቻ ነበርኩ።

የውብዳር በዕድሜ ከእኔ አራት ዓመት ታንሳለች፤ በአገልግሎትም ታንሳለች። ሁለታችንም ጎጃሞች ስለሆንን እታለም ትለኝ ነበር፤ ታላቅ እህቴ ማለቷ ነው። ሳቂታ ነበረች። እኔ ሳኮርፍ፣ ያው ብዙ ጊዜ አኮርፋለሁ፣ «እታለም፣ ያንቺ ኩርፊያ እንደ ጮቄ ተራራ ጉም ነው፤ ጠዋት ይወርዳል፣ ከሰዓት ብንመጣም እዚያው ነው» እያለች ሰዉን ታስቅብኝ ነበር። ሰዉ ሲስቅ እኔም እስቅ ነበር። ግን አልረሳሁትም።

የበረራ ቡድኑ አለቃ ሲመረጥ ተራው የእኔ ነበር። ሻለቃ ሐኪማችን የውብዳርን መረጠ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው በሰው ፊት «እጅሽ ጥሩ ነው፤ ፊትሽ ግን ሕመምተኛ ያስደነግጣል» አለኝ። ሁሉም ሳቀ። ሻለቃው ሞቷል። ሙት ወቃሽ አትሁኑ ይባላል፤ እኔ እወቅሰዋለሁ። ሰውን በአደባባይ አዋርዶ ከዚያ በኋላ አብሮ እንዲሠራ ማዘዝ ምን ዓይነት እውቀት ነው? ግን ይህን ስል ለራሴም ይታወቀኛል። ሻለቃው ስድብ ተናገረ እንጂ ቱቦ አልዘጋም። ቱቦውን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

የዚያን ቀን ጽኑ ሕሙማን በዝተው ነበር። ደረታቸው ላይ ቱቦ ያላቸው ብቻ አራት ናቸው። የውብዳር ወባዋ ተነሥቶባት ፊቷ ቀልቷል፤ ሁለት ቀን አልተኛችም። ሦስቱን እሷ ዘግታ ጫነች። አራተኛውን እኔ ዘጋሁ። አሥር አለቃ ደመላሽ ይባል ነበር፤ ፍንጣሪ የመታው ጠይም ልጅ ነው። ሞተሩ ተነሥቶ አቧራው ሲያለብሰን ቱቦውን ቆነጠጥኩ፤ ቀይ ጨርቅ አንሥቼ ኪሴ ላይ አሰርኩ። ያን ጊዜ ልጁ እጄን ያዘኝ። ጎንበስ አልኩ። በጆሮዬ አንድ ነገር ነገረኝ። የነገረኝን በኋላ እጽፈዋለሁ።

ከላይኛው ረድፍ ላይ አንጠለጠልነው። ልከፍትለት እጄን ስዘረጋ የውብዳር ከወዲያ ሆና ጣቷን ቀሰረችብኝ፤ ወደ ኋላ ሂጂ፣ እዚያ የሚደማ አለ ማለቷ ነው። በጣት። እንደ ሎሌ። አሁን ሳስበው በዚያ ጩኸት ከጣት ሌላ በምን ልታዘኝ ኖሯል? ሁላችንም በጣት ነበር የምንነጋገረው። እኔ ግን የዚያን ቀን ጣቷን ብቻ አየሁ። ደሜ ፈላ። ቱቦውን እንደተዘጋ ትቼ ወደ ኋላ ሄድኩ። በርዶኝ ነበርና ካፖርቴን ደርቤ እስከ አንገቴ ቆለፍኩት።

ከመነሣታችን በፊት የውብዳር እንደ ልማዷ ዞራ የሁላችንን ደረት አየች። የእኔንም አየች። እኔም ስታየኝ አየኋት። ካፖርቴ ተቆልፎ ነበር። ቀይ የለም። ራሷን ነቀነቀች፤ ተነሣን።

እስከዚህ ድረስ ረሳሁ ብል ታምኑኛላችሁ? እኔም ለብዙ ዓመት ረስቼ ነው እያልኩ ራሴን አባብያለሁ። ግን ኑዛዜ ከሆነ ኑዛዜ ይሁን። አየር ላይ እያለን መቀስ ፈልጌ ካፖርቴን ከፈትኩ፤ እጄን ወደ ደረት ኪሴ ስሰድ ጨርቁ ጣቴን ነካው። አስታወስኩ። ያን ጊዜ አስታወስኩ። ልጁ ከእኔ አሥር እርምጃ አይርቅም ነበር። ተነሥቼ ብሄድ፣ እጄን ከብርድ ልብሱ ሥር ሰድጄ መቆንጠጫውን ብለቀው፣ አለቀ። ምን ያዘኝ? ስሄድ የውብዳር ታየኛለች ብዬ ነው። ረሳች፣ ታላቂቱ ረሳች ትላለች፤ ስናርፍ ለሻለቃው ትነግረውና ይስቃሉ ብዬ ነው። ከዚያም «አለቃዋ እሷ አይደለችም? ትየው» አልኩ በልቤ። በዚህ ቃል ነው ያልኩት። መንገዱም አጭር ነው፣ ምንም አይሆንም አልኩ። ካፖርቴን መልሼ ቆለፍኩ። ከደመና በላይ ሆኜ አኮረፍኩ።

ስንት ደቂቃ ተቀመጥኩ? አላውቅም። ቀና ስል የውብዳር ጃኬቷን አውልቃ በቃሬዛው እንጨት ላይ ሰቅላለች፤ ልጁ ላይ አጎንብሳ ትንፋሽ ትሰጠዋለች። ከንፈሩ ጠቁሯል። ዓይኖቿ ከአንዱ ነርስ ደረት ወደ ሌላው ይሮጣሉ። ቀይ የለም። ቀይ ከሌለ ቱቦው ክፍት ነው። ስለዚህ ከብርድ ልብሱ ሥር አልፈተሸችም፤ ሌላ ምክንያት ትፈልግ ነበር። የራሷን ሕግ አመነች። ሌላ ሰው ቢሆን መጀመሪያ ቱቦውን ይፈትሽ ነበር፤ እኛ ግን የምናምነው ጨርቁን ነበር።

ያን ጊዜ ሮጥኩ። አዎ፣ ሮጥኩ። ስደርስ ልቡ ይመታ ነበር? አላየሁም። እጄ የሄደው ወደ ልጁ ደረት አልነበረም። ወደ ጃኬቱ ነበር። እሷ አጎንብሳለች፤ ሌሎቹ ከየሕመምተኛቸው ጋር ናቸው። ከኪሴ ቀዩን ጨርቅ ፈታሁ፤ በእሷ ጃኬት የቁልፍ ቀዳዳ አሰርኩት። ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት። ጣቶቼ አልተንቀጠቀጡም። እጅሽ ጥሩ ነው ብሎኝ አልነበር ሻለቃው?

ስናርፍ ልጁ ሞቶ ነበር። የውብዳር ብርድ ልብሱን ገለጠች፤ መቆንጠጫውን አየች። የሸሚዟን ኪስ ነካች። ከዚያ ጃኬቷን አነሣች። ጨርቁን ስታይ በአውሮፕላኑ ወለል ላይ ቁጭ አለች። እኔ መክሰስ እንኳ አላስፈለገኝም። ለሻለቃው ራሷ ነገረችው፦ «እኔ ነኝ። ሦስት የዘጋሁ መስሎኝ ነበር፤ አራት ኖሯል።» ሻለቃው ወደ እኔ ዞሮ የት እንደነበርኩ ጠየቀኝ። «ከኋላ ነበርኩ፤ ይህን ሕመምተኛ አልነካሁትም» አልኩ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ በዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ የቆመ ነው።

እሷን ከበረራ አወረዷት፤ እኔ አለቃ ሆንኩ። ሳጥኗን ተረከብኩ፤ ቀዮቹ ጨርቆች ታጥበው ታጥፈው ተቀምጠው ነበር። የምስክር ወረቀትም ሰጡኝ፤ ግድግዳዬ ላይ አለ። እሷ ሥራውን ለቃ አገሯ ገባች። ድንችና ገብስ ታመርታለች። ሲስተር ብሎ የሚጠራትን ትቆጣለች። አንድ ጊዜ ጎረቤቷ ምጥ ጠንቶባት ቢጠሯት በሩ ላይ ተቀምጣ «እጄ አይታመንም፤ መኪና ፈልጉ» እያለች አለቀሰች አሉ። ሴትዮዋ ተረፈች። የእሷ እጅ ነው የማይታመነው! የእኔን እጅ ሁሉም ይስመዋል።

ይህም አልበቃም። በየዓመቱ የጽጌ ጾም ሲፈታ የውብዳር ለዚያ ልጅ መታሰቢያ ታደርጋለች። ገደልኩት ብላ ስለምታምን ነው። ዳቦ ጋግራ ቤተ ክርስቲያን ትወስዳለች፤ ካህናቱ ይጸልዩለታል፤ በማግስቱ መክፈልቱን፣ ከተባረከው ዳቦ የእኔን ድርሻ ማለት ነው፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ደብረ ማርቆስ ድረስ ታመጣልኛለች። «አብረሽኝ ነበርሽና እታለም» ትላለች። እኔም እበላዋለሁ። ስንት ዓመት በላሁት?

በየዓመቱም አንድ ነገር ትጠይቀኛለች። ካህናቱ ያለ ክርስትና ስም መጸለይ ይቸግራቸዋል፤ ደመላሽ የዓለም ስሙ ነው። ቤተሰቦቹን ፈልጋ አላገኘቻቸውም። ዲማ ገዳም ድረስ ሄዳ አንድ የቅኔ መምህር ጠይቃለች፤ ስሙን የማታውቂውን እግዜር ያውቀዋል ብለው መልሰዋታል። እሷ ግን አልረጋችም። «ምናልባት ስንጭነው ለአንዳችን ነግሮ ይሆን? አላስታወስሽም እታለም?» ትላለች። እኔም በየዓመቱ «አልነካሁትም ብዬሻለሁ እኮ» እላለሁ። እንደ ተቆጣ ሰው ሆኜ።

ስሙን አውቀዋለሁ። እጄን ይዞ በጆሮዬ የነገረኝ እሱን ነው። «ሲስተር፣ የክርስትና ስሜን ያዢልኝ፤ ምናልባት ካስፈለገ» ነበር ያለኝ። ያን ጊዜ መንግሥት ሃይማኖትን አይወድም ነበርና በሠራዊቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር በሹክሹክታ ነበር የሚባለው። እኔም ያዝኩለት። አንድ ቀን አልረሳሁትም። ግን ስሙን ብናገር አልነካሁትም ያልኩት ይፈርሳል። ስለዚህ ልጁን ሁለት ጊዜ ዘጋሁበት፤ አንድ ጊዜ ትንፋሹን፣ አንድ ጊዜ ስሙን።

ትናንት ቅዳሜ የውብዳር መጣች። ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏታል፤ ከባጃጅ ወርዳ እስከ በሬ ድረስ ሁለቴ አረፈች። መክፈልቱን ጠረጴዛው ላይ፣ ልክ በማስተዋል ወረቀት ላይ አስቀመጠችው።

«እታለም፣ ዛሬ ደግሞ ማን አስኮረፈሽ? ጉሙ እስከ በርሽ ወርዷል» አለች።

አልሳቅኩም። ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ደግሞ ተነሣሁ። ልትፈታ እጇን ወደ ቋጠሮው ስትሰድ ያችኑ ጥያቄ ጀመረች። «ካህኑ ዘንድሮም ጠየቁኝ፤ እኔስ ከመሞቴ በፊት...»

«ወልደ ሥላሴ» አልኳት።

እጇ ቋጠሮው ላይ ቀረ። «ማን?»

«ስሙ ነው። ወልደ ሥላሴ።»

በመጀመሪያ ፊቷ በራ። እግዚአብሔር ይመስገን ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችው። ቀስ ብላ «መቼ ነገረሽ?» አለች።

«ስጭነው። ቱቦውን ስዘጋ።»

የማውቃት ነርስ ተመልሳ ፊቷ ላይ ስትመጣ አየሁ። ወደ ደረቴ አየች፤ እንደዚያን ቀን። «ካፖርት ለብሰሽ ነበር» አለች። ጥያቄ አልነበረም። የቀረውን እኔ ነገርኳት፤ ጨርቁን፣ ጃኬቱን፣ ሁለት ጊዜ መቋጠሬን። ምንም ሳላስቀር። ሳበቃ መክፈልቱን አነሣች፤ የላላውን ቋጠሮ መልሳ አጠበቀች፤ በነጠላዋ ሥር ያዘችው። በሩ ላይ «ወልደ ሥላሴ» አለች፤ ደግማም አለችው፣ ቃል እንደሚያጠና ተማሪ። ዳቦውን ሳትሰጠኝ የሄደችው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ይቅር በይኝ አላልኳትም። አሁንም አልልም። አንደበቴ ስለተያዘ አይደለም። ብላት ይቅር እንደምትለኝ ስለማውቅ ነው፤ እሷን አውቃታለሁ። አለቅነቷን ወሰድኩ፣ ሥራዋን ወሰድኩ፣ ሕጓን ወሰድኩ፣ የእኔን ኃጢአት ተሸክማ እንድትጾምና እንድትጸልይ አደረግኩ። አሁን ደግሞ ይቅርታዋን ልውሰድ? የምትሰጠውን በምትፈልግበት ቀን ትስጥ፤ ወይም አትስጥ። እኔ በሯን አላንኳኳም።

ማስተዋል፣ «እርማት ካለ» ብለሽ ሦስት መስመር ትተሽልኛል፤ አልበቃኝምና በጀርባው ጽፌ ሌላም ወረቀት ጨምሬበታለሁ። ሕጉን እኔ አወጣሁ ያልኩትን ሰርዢው። ነርሷ ሞታለች ያልኩትንም ሰርዢው፤ የውብዳር በሕይወት አለች፣ ሮብ ገበያ ናት፣ ስለ አየር ላይ ነርስነት ከእኔ ይልቅ ታውቃለች። ከፈቀደች ጠይቂያት። ተማሪዎችሽን ስታስተምሪም ድካም ሰው ገደለ አትበዪያቸው። አንዲት ነርስ አኮርፋ አሥር እርምጃ ሳትሄድ ስለቀረች ሰው ሞተ በያቸው። «ተሳታፊ አንድ» የሚለውንም ሰርዢና ስሜን ጻፊ፤ ሌላው ነርስ እንዳይጠረጠር።

ወረቀቱን አሁን ፈርሜዋለሁ። እስክሪብቶውን ካስቀመጥኩ በኋላ እጄ ደረት ኪሴ ላይ ነበር። ባዶ ነው። ባዶ የሆነው ስለፈታሁት አይደለም፤ በሌላ ሰው ላይ ስላሰርኩት ነው።